ማግኔቱን ከብረቱ ጋር አትሽጡት

ወገኖቼ፣

የምጽፍላችሁ ከእንግሊዝ አገር፣ ከበርሚንግሃም ነው፤ እንጀራዬም አሮጌ ኮምፒውተር መፍታት ነው። ደብዳቤው ለሁላችሁም ቢሆን፣ በተለይ የማስበው ቆራሌዎችን፣ የምናለሽ ተራ ባለሙያዎችንና የጋራዥ ሰዎችን ነው። ልመናዬ አንድ ነው፤ ማግኔቱን ከብረቱ ጋር አትሽጡት።

የሃርድ ዲስክ ክዳን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ስታነሡ፣ በዲስኩ ላይ ከሚመላለሰው ክንድ ሥር ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ የሚያብለጨልጩ ቁራጮች ታገኛላችሁ። ካቻቢቴውን ከእጃችሁ ይስቡታል፤ ጣት መካከላቸው ከገባ ክፉኛ ይቆነጥጣሉ። ተራ ብረት ይመስላሉ እንጂ ከክብደታቸው ሲሶ ገደማው ኒዮዲሚየምና ዘመዶቹ ናቸው። ብርቅዬ ከሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ውስጥ ማለት ነው።

ክፋቱ፣ ማግኔት ብረት ላይ ይለጠፋል። ኮምፒውተሩ እንዳለ መፍጫ ማሽን ውስጥ ሲገባ፣ ማግኔቱ ተሰባብሮ ከብረቱ ጋር ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። እዚያ ኒዮዲሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ከቀለጠው ብረት ላይ ከሚገፈፈው ቆሻሻ ጋር ይጣላል። በሀብታሞቹ አገሮችም የሚሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ ከብርቅዬዎቹ ፍላጎት ግን ከአሮጌ ዕቃ ተመልሶ የሚሸፈነው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥሩ መላ አላቸው። ማግኔቱን ሃይድሮጅን ጋዝ ያለበት ዕቃ ውስጥ ያስገቡታል። ጋዙን ሲጠጣ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ፈርሶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ተጣርቶና ተጨምቆ በሙቀት እንደገና ማግኔት ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን ማግኔቱ ያለበት ክፍል ተለይቶ ከቀረበ ነው። ለመለየት ደግሞ የሰው እጅን የሚስተካከለው የለም። እዚህ የእጅ ሥራ ውድ ነው፤ ምናለሽ ተራ ግን አንድን ሞተር እስከ መጨረሻው ቡሎን የሚፈታ ሰው ሞልቷል።

ማግኔት መለየት በአንድ ቀን ሀብታም ያደርጋል አልልም። ፈረንሳይ ላ ሮሼል ላይ ሶልቬይ የሚባል ኩባንያ ከአሮጌ መብራት ብርቅዬዎቹን ያወጣበት የነበረው ሥራ፣ ዋጋ ሲወርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘግቷል። ዋጋ ግን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 ቻይና ከብርቅዬዎቹ ሰባቱ ያለ ፈቃድ ከአገሯ እንዳይወጡ ስታደርግ፣ ማግኔት አጥተው ሥራ ያቋረጡ የመኪና ፋብሪካዎች ነበሩ።

ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ መኪናው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሎ፣ ቦታውን የኤሌክትሪኩ እየያዘ ነው። በብዙዎቹ ሞተር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ማግኔት አለ፤ የመቶ ገደማ ሃርድ ዲስክ ያህል መሆኑ ነው። ሲያረጁና ሲጋጩ ሞተራቸው በሙሉ ለብረት ማቅለጫ ከተሸጠ፣ በውጭ ምንዛሪ የገዛነውን በገዛ እጃችን አቃጠልነው ማለት ነው። የመንግሥት ሰዎች ሆይ፣ አስመጪው ላመጣው ሞተርና ባትሪ መጨረሻ ተጠያቂ እንዲሆን ከአሁኑ በሕግ አስገድዱት። መኪኖቹ ካረጁ በኋላ የሚወጣ ሕግ ይዘገያል።

እኛ በውጭ ያለንም «ለትምህርት ቤት ነው» እያልን የማይነሣ ኮምፒውተር በኮንቴይነር መላክ እናቁም። ይህ እርዳታ አይደለም።

እናንተ በየሱቃችሁ አንድ የእንጨት ሣጥን ለማግኔት ለዩ፤ ከልጆችም አርቁት። ከተለጠፈበት ትንሽ ብረት ላይ ልፈልቅቅ ብላችሁ አትታገሉ፣ ከነብረቱ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። አትፍጩትም፤ ዱቄቱ እሳት ይይዛል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ደግሞ ያልሠለጠነ ሰው አይንካ፤ ይገድላል። ኪሎው ሲጠራቀም ገዢ ማፈላለጉና ድንበር ተሻጋሪ ቆሻሻን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት የሚጠይቀውን የላኪና የተቀባይ አገሮችን ፈቃድ ማስጨረሱ የእኛ የውጭዎቹ ሥራ ይሁን።

አክባሪ ወገናችሁ፣
ከበርሚንግሃም