ከደለስ በር እስከ ዘመድ ቤት

«ዘመድ ይቀበላቸዋል» የሚለው ዋስትና ከቦሌ ሽኝት አንሥቶ ዋሽንግተን እስኪያርፉ ድረስ በደንብ ይሠራል። ካረፉ በኋላ ግን ዘመድ ተብዬው ሥራ ቦታ ፈቃድ ተከልክሏል፣ ወይም ሀይዌዩ ላይ አደጋ ደርሶ ተቀርቅሯል፣ አልያም ደለስ ብሎ ወጥቶ ሬገን ኤርፖርት ቆሟል። እናት ሻንጣቸውን እየገፉ ሲወጡ የሚያውቁት ፊት የለም። የጉዞው አደገኛ ክፍል አሥራ ምናምን ሰዓት የበረሩበት ሰማይ ሳይሆን ይህ የበሩ ላይ ሩብ ሰዓት ነው።

ደለስ ኤርፖርት ከዋሽንግተን መሀል 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ኤሮ ሳሪነን የነደፈው ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ1962 ተከፈተ፤ ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሀልም ወደፊት ባቡር ይሄድበታል ተብሎ ቦታ ተተወለት። ባቡሩ ደለስ የገባው ግን በኖቬምበር 2022 ነው። እነዚያን ስልሳ ዓመታት መንገደኛውን ያመላለሱት አውቶቡስና መኪና ናቸው፤ ከታክሲ ሾፌሮቹም ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው።

የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የማያውቁት አገር ገብተው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ የኢሚግሬሽን ጥያቄ አድክሟቸው ሲወጡ አንድ ወጣት «እማማ፣ ሻንጣዎን ልያዝልዎት?» ቢላቸው የማይከተሉት እናት ጥቂት ናቸው። ወጣቱ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹም ናቸው። ቢሆንም አማርኛ መንጃ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ ያለው ታክሲ ከአዳራሹ ውጭ ተራውን ይጠብቃል፣ ቆጣሪ አለው፣ ቁጥሩም በግልጽ ተጽፏል። ሻንጣ መውሰጃው ድረስ ገብቶ በሹክሹክታ ዋጋ የሚነግር ሰው ግን አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ስለመክፈሉ ማረጋገጫ የለም፤ ሻንጣ መኪናው ውስጥ ቢረሳም የሚፈለግበት መዝገብ አይኖርም።

በስልክ የሚጠራው መኪናስ? እ.ኤ.አ. በ2019 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጠራችው ኡበር መስሏት የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ገብታ ተገድላለች። ቦታው ኤርፖርት አልነበረም፤ ስህተቱ ግን በተሰለፉ መኪኖች መሀል፣ በጨለማና በድካም ለማንም የሚቀል ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ምክር ተስፋፋ፦ የራስን ስም ከመናገር በፊት ሹፌሩን «ማንን ልትወስድ መጣህ?» ብሎ መጠየቅ። ሰሌዳውን ስልኩ ላይ ከታየው ጋር ማስተያየትም አለ።

ችግሩ ስልኩ ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ ከሥራው ሆኖ ለእናቱ መኪና ይጠራል፤ ሰሌዳው የሚታየው በእሱ ስልክ ላይ ነው፤ የእናትየው ቀፎ ደግሞ የአዲስ አበባ ሲም ይዞ ዝም ብሏል። ኤርፖርቱ ነፃ ዋይፋይ አለው፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ግን ብቻቸውን አገናኝተው ይጠቀሙበታል ብሎ ማሰብ ልጅነት ነው። በዚህ ዓምድ እምነት፣ ብቻቸውን ለሚመጡ አዛውንት ከርቀት የሚጠራ መኪና መፍትሔ አይሆንም። አድራሻና የሁለት ሰው ስልክ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ይሻላል፤ እሱም በካርጎ በሚሄደው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይቀመጥ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ታክሲ ሰልፉ መሄድ ነው።

ለወጣቱ ተማሪ ምክሩ ሌላ ነው። ከተርሚናሉ በእግረኛ መሿለኪያ ወደ ሜትሮው ጣቢያ ይደረሳል፤ የብር ቀለም የተሰጠው መስመር አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ተጉዞ መሀል ዋሽንግተን ያደርሳል፤ ዋጋውም የታክሲውን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሜትሮ ሴንተር ወርዶ ወደ ቀዩ መስመር ይቀይራል። በረራው ዘግይቶ ሌሊት ያረፈ ግን ጣቢያው ተዘግቶ ሊጠብቀው ይችላል።

እናትየው ይህንን ባቡር አይሞክሩት። ሽሮና በርበሬ የታጨቀባቸው፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዘው ባቡር መቀየር አይታሰብም። በታክሲ ይምጡ፤ ሒሳቡን በር ላይ ወጥቶ የሚከፍለው ያ ሬገን የሄደው ዘመድ ይሁን።