የክረምት ቲማቲም፦ ዋጋው ያጓጓል፣ ደጋው ይፈትናል

ክረምት በገባ ቁጥር የቲማቲምና የቃሪያ ዋጋ እንደሚንር አምራቹም ሸማቹም ያውቀዋል። ዋጋው የሚንረው ሁለቱም አትክልቶች በዝናብና በብርድ በቀላሉ ስለማይመረቱ ነው። በመሆኑም ዋጋውን ብቻ አይቶ ማሳውን በቲማቲም የሚሸፍን የደጋ አርሶ አደር፣ ገበያውን ያስወደደው ችግር በራሱ ማሳ ላይ ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው ችግር ብርድ ነው። ለቲማቲም የሚስማማው የቀን ሙቀት ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ባሕር ዳር ዙሪያ የሰመረው ቲማቲም ደብረ ታቦር ላይም ይሰምራል ማለት አይቻልም። እንደ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ያሉት ዝርያዎች የወጡትም በስምጥ ሸለቆ፣ 1 ሺህ 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

ሁለተኛው ችግር እርጥበት ነው። ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ፣ ቅጠሉ ለሰዓታት ርሶ ሲቆይና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል በጥቂት ቀናት ማሳውን ያቃጥላል። በሽታው ድንችንም ቲማቲምንም ስለሚያጠቃ፣ በክረምት ድንች በተሸፈነ አካባቢ የሚተከል ቲማቲም ከጎረቤት ማሳ ሳይቀር ይጋባበታል። ማንኮዜብ የተባለው ኬሚካል ደግሞ በሽታው ሳይገባ የሚከላከል እንጂ ከገባ በኋላ የሚያድን አይደለም፤ ዝናብም ያጥበዋል። ደጋግሞ መርጨት ወጪ ያበዛል፤ ከርጭት እስከ ለቀማ ሊጠበቁ የሚገባቸው ቀናት ካልተጠበቁም ተመጋቢውን ይጎዳል።

ዝናቡ እስኪያልፍ መጠበቅ ብቻውን ደጋውን አያድነውም። መስከረም መጨረሻ የተዛወረ ችግኝ ለለቀማ የሚደርሰው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ በደጋ ይህ የውርጭ ወቅት ነው። ከዝናብ ያመለጠው ቲማቲም ውርጭ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ዕቅዱ ከፍታን መከተል አለበት። ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ባሉ ቀበሌዎች ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ስለሚችሉ ቅድሚያ ይገባቸዋል። በወይና ደጋው ግን የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከዝናብ በተከለለ መደብ ላይ አፍልቶ፣ መስከረም መጨረሻ ውኃ በማይተኛበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ማዛወር ይቻላል። ተክሉን በእንጨት ደግፎ ማቆም፣ አራርቆ መትከልና ባለፈው ዓመት ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከነበረበት ማሳ መራቅ ከኬሚካል በፊት የሚታሰቡ ናቸው።

በክረምቱ ዋጋ መጠቀም ለሚፈልግ ደግሞ የላስቲክ ጣሪያ አማራጭ አለ። ጣሪያው ዝናቡን ከቅጠሉ ላይ ያስቀራል። ጎኑ ሌሊት ቢዘጋም ጠዋት መከፈት አለበት፤ ታፍኖ የዋለ እርጥበት በሽታውን መልሶ ይጠራል። ወጪው ለአንድ አርሶ አደር ሊከብድ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል በሰርቶ ማሳያ ታይቶ፣ ወጪና ገቢው ተሰልቶ ቢስፋፋ ይመረጣል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች እዚህ ላይ ከባድ ድርሻ አለባቸው። የአትክልት ዕቅድ የሚለካው በተሸፈነው ሔክታር ብቻ ከሆነ፣ በበሽታ የጠፋው ማሳም በሪፖርት ላይ እንደ ስኬት ይቆጠራል። ኪሳራውን የሚሸከመው ግን ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለኬሚካል የተበደረው ቤተሰብ ነው። በመሆኑም ለየቀበሌው ኮታ ከመደልደሉ በፊት የቀበሌው ከፍታ፣ ውርጭ የሚገባበት ጊዜና የአፈሩ ውኃ የማሳለፍ አቅም ሊጠየቅ፣ በሪፖርቱም ከተሸፈነው መሬት ጎን ለገበያ የደረሰው ኩንታል ሊጻፍ ይገባል።