ከቆዳ ንቅለ ተከላ በኋላ የሚራዘም አንቲባዮቲክ

በአዳማና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በቀጠሮ ለሚሠራ የቆዳ ንቅለ ተከላ የሚታዘዝ የመከላከያ አንቲባዮቲክ በልማድ ሳይሆን በመመሪያ ሊወሰን ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ መከላከያ በሚያስፈልግበት ቀዶ ሕክምና መድኃኒቱ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለመከላከል ተብሎ እንዳይራዘም አሳስቧል። ከጭን የተላጠ ስስ ቆዳ በአዲሱ ቦታ እንዲይዝ የሚረዳው ንጹሕ ቁስል፣ የማይንሸራተት ፋሻና በሚገባ የታጠበ እጅ ነው፤ ለሳምንት የሚወጋ ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ እነዚህን አይተካም። ይልቁንም መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ መንገድ ይከፍታል፤ ወጪውም በቤተሰብ ላይ ይወድቃል።

ኢንፌክሽን የታየበት ታካሚ በእርግጥ መታከም አለበት። ከዚህ ውጪ ግን ሆስፒታሎች፣ ምክንያቱ በታካሚው ካርድ ላይ ሳይጻፍ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመከላከያ አንቲባዮቲክ ማራዘምን ሊያቆሙ ይገባል።