ወረታ በሩዝ ማሳው ላይ አትስፋ
ወረታ ማደጓ አይቀርም፤ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፣ ለወጣቶቿም ቤት መሥሪያ ያስፈልጋል። በፎገራ ሜዳ ላይ መስፋቷን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሞልተው ደለል የሚያለብሱት ይህ ጥቁር መሬት ሩዝ ያበቅላል፤ ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል፤ መስኖ የደረሰው ደግሞ ሽንኩርት ይደግማል። ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ለሩዝ እንጂ ለሰው ቤት አይመችም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሳና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ካሳ ይከፍለዋል። ከ15 ዓመት በኋላስ ልጆቹ ምን ያርሳሉ? ከተማ በገበሬ መሬት ላይ ሲሰፋ ምን እንደሚያስከትልም አይተናል፤ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን በ2008 የተሰረዘው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። የወረታ አስተዳደር ወሰን ከማስፋቱ በፊት ከተማዋን ወደ ላይ ይገንባ፤ ካርታ ከመነሣቱ አስቀድሞም ባለማሳውን ያማክር።