ግርግሩ ለማን ይጠቅማል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 አንዲት ከተማ ስታብድ እናያለን። የኤፌሶን ሰዎች ወደ ጨዋታ ስፍራው ሮጠው ገብተው ሁለት ሰዓት ያህል ስለ አርጤምስ ጮኹ። ሉቃስ ግን አንድ አሳፋሪ ነገር ጽፎልናል፤ ከሚጮኸው ሕዝብ አብዛኛው ለምን እንደ ተሰበሰበ እንኳ አያውቅም ነበር።

ያቺ ከተማ ዛሬ በኪሳችን ናት። ማታ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ ትለቀቃለች። ማን ቀረጻት? መቼ? ከዚያ በፊትና በኋላስ ምን ተባለ? የሚጠይቅ የለም። የተቀረጸው ሰው ሳይነጋ ተረግሞ፣ ተፈርዶበት ያድራል። ያንን ሼር ሲያደርግ ያደረው ጣት እሑድ ጠዋት ለዝማሬ ወደ ሰማይ ይነሣል።

ግርግር ለሌባ ያመቻል ይላሉ አባቶቻችን። የኤፌሶንም ግርግር ባለቤት ነበረው፤ ብር ሠሪው ድሜጥሮስ። ስለ አምላኩ ክብር ከመናገሩ በፊት የተናገረው ስለ ገቢው ነበር። ዛሬም በቲክቶክ ላይቭ ወንድምን ከወንድም የሚያፋጅ ሰው ተመልካች በበዛለት ቁጥር ስጦታው ይበዛለታል። ሕዝቡን አስጩኾ አስጩኾ በቀጥታ ወደ መባ የሚያሻግር «ነቢይ»ም ከድሜጥሮስ የሚለየው በልብሱ ብቻ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ እንደ ጋይዮስና እንደ አርስጥሮኮስ በሕዝብ እጅ የሚጎተቱ ንጹሐን ናቸው።

«መንፈስን ልታዳፍኑ ነው? ዳዊትስ ዘሎ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። ዘሏል፤ ደስታን አንቃወምም። ዳዊት ግን በማን ፊትና ለምን እንደሚዘል ያውቅ ነበር። በበዓለ ሃምሳም ሐዋርያቱ ሰክረዋል በተባሉ ጊዜ ጴጥሮስ ቆሞ፣ ከኢዩኤልና ከመዝሙር እየጠቀሰ፣ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳ። በመቃብር መካከል ሌት ተቀን ይጮኽ የነበረውም ሰው ከጌታ ጋር ከተገናኘ በኋላ የተገኘው ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ነው። መንፈስ ቅዱስ ልብን ይመልሳል እንጂ አያጠፋም።

የሚያሳፍረን ሌላም ነገር አለ። ኤፌሶንን ያረጋጋው ሐዋርያ አልነበረም። ራሱ አርጤምስን የሚያከብረው የከተማዋ ጸሐፊ ነው፤ ክስ ያለው ወደ ዳኛ እንዲሄድ ነግሮ ጉባኤውን በተነ። ዛሬም በቤተ ሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ቆይ፣ መጀመሪያ እናጣራ» የሚለው ጌታን ያልተቀበለው አጎታችን ከሆነ፣ እኛ ምን ዓይነት ብርሃን ነን?

ስለዚህ ቅዱሳን ሆይ፣ ከመላካችን በፊት እንጠይቅ፦ እውነት ነው? ማንን ያስጎትታል? ማንስ ያተርፍበታል? ካላወቅን አንላክ። በጉባኤም ለምን እንደምንጮኽ ካላወቅን ቁጭ ብለን መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። ጩኸት የመንፈስ ፍሬ ተብሎ አልተቈጠረም፤ ራስን መግዛት ግን ተቈጥሯል።

ጌታ የተረጋጋ ልብ ይስጠን። ጸጋ ይብዛላችሁ።