«ውሻ እኮ ናት!»

ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዶላርና ስለ ኑሮ ውድነት ሳደክማችሁ ከርሜ ዛሬ ስለ ውሻ ልጽፍ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ቻናሉን ለቆ መውጣትም ይቻላል፤ በሩ ክፍት ነው። የሚቆይ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

እናቴ ግቢ፣ ኮተቤ፣ ቡቺ የምትባል የ11 ዓመት ውሻ አለች። «የሀበሻ ውሻ» የምንላት፣ ቡናማ፣ ጆሮዋ የተቀደደ። ያገኘኋት ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ በምንከራተትበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር ከተጣለ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። አራት ቡችሎች ነበሩ፤ አራቱም ሴቶች። ወንዶቹን ባለቤትየው ለዘበኝነት አስቀርቷቸው ይሆናል። ሦስቱን ማትረፍ አልቻልንም። እሷ ግን 11 ዓመት ሙሉ የእናቴን ዶሮዎች ከሸለምጥማጥ፣ እናቴን ደግሞ ከብቸኝነት ስትጠብቅ ኖረች። ደሞዟ ፍርፋሪ ነበር።

ኅዳር ላይ ሆዷን ሳክላት ከኋላ እግሮቿ መሐል፣ ከጡቷ አጠገብ፣ ባቄላ የምታክል ጠጣር ነገር እጄ ላይ አረፈች። መዥገር መስላኝ ልነቅላት ሞከርኩ፤ መዥገር አይደለችም። «ትጠፋ ይሆናል» ብዬ ተውኳት። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅኩም። ለፋሲካ ስሄድ ባቄላዋ ሎሚ አክላለች።

ያኔ ነው የሰው አስተያየት መዝነብ የጀመረው። እናቴ፣ «እርጅና ነው ልጄ፤ የኔስ ጉልበት ያብጥ የለ?» አለችኝ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ጎረቤታችን ደግሞ አጥር ተደግፈው፣ «አታሰቃያት እንጂ፣ መድኃኒት ስጣትና ተገላገላት» አሉኝ። በእኛ ሰፈር ለውሻ «መድኃኒት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ ዕድሜዋን ጠየቀኝ። «አሥራ አንድ» አልኩት። «እንግዲህ ወንድሜ፣ አርጅታለች። ውሻ እኮ ናት» አለኝ። እጁን አልዘረጋም። ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ዛሬ ጠቤ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። «ውሻ እኮ ናት» ስንል ምርመራ ያደረግን ይመስለናል። ዕብጠቱ ምን እንደሆነ ማንም አላየም፣ ማንም አልዳሰሰም፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቷል። «አርጅታለች» ደግሞ የባሰች ናት፤ እርጅና በሽታ ሳይሆን በሽታን ላለመመርመር የተገኘ ሰበብ ሆነ።

እስቲ ስለ ዕብጠቱ እንነጋገር። ባረጀ ውሻ ቆዳ ሥር የሚወጣ ዕብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ብዙ ጊዜ ሊፖማ የሚባል የስብ ክምችት ነው፤ ለስላሳ ነው፣ በጣት ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ውሻውም አብሮት ኖሮ በሌላ ምክንያት ይሞታል። ችግሩ ማስት ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰርም ልክ እንደዚያው ለስልሶና ተንሸራቶ ሊያታልል መቻሉ ነው። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው እጅም አይለየውም። የሚለየው ቀጭን መርፌ ነው። መርፌው ዕብጠቱ ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት ሕዋስ ይስባል፣ የሳበው መስታወት ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ወባ የሚመረመርበት ዓይነት ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ማደንዘዣ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። «አቅም የለንም» የምትሉኝ እንግዲህ ስለዚህች መርፌ ነው።

የጡት ዕብጠት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ መርፌዋ ብቻዋን ሁልጊዜ አታስተማምንም። በሴት ውሻ ጡት ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች ግማሽ ያህሉ አደገኛ ናቸው፣ ግማሽ ያህሉ አይደሉም። ቆርጦ አውጥቶ ላቦራቶሪ መላክ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ወደ ሳንባ መሰራጨት አለመሰራጨቱን በደረት ራጅ ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ወሳኙ መጠኑ ነው። አደገኛም ሆኖ ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ የወጣ ዕጢ፣ ካደገ በኋላ ከወጣው ይልቅ ብዙ ተስፋ አለው። ስለዚህ «እስቲ እንየው» ማለት ገለልተኛ ሆኖ መጠበቅ አይደለም፤ ለዕጢው ጊዜ መስጠት ነው። እኔ ከኅዳር እስከ ፋሲካ ሰጥቼዋለሁ።

ይኼን ያስረዳችኝ ሌላ ሐኪም ናት፤ በዕድሜ ከኔ የምታንስ፣ ቢሾፍቱ የተማረች። ቡቺን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ወለሉ ላይ መንበርከክ ነው። ጡቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ ብሽሽቷን ዳሰሰች፣ ልቧን አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አላመከናችኋትም?» አለችኝ።

አላመከንናትም። ስንቶቻችን አምክነናል? ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ሳትፈልግ የመከነች ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ እጅግ ትንሽ ነው፤ ቀኑ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ቡቺን ግን ወለደች፣ ደግማ ወለደች፤ ቡችሎቹን ሰው ወሰዳቸው። መጀመሪያ የሚወሰዱት ወንዶቹ ነበሩ። ሴቶቹ የት እንደደረሱ እናቴን ጠይቄያት አላውቅም። ማዳበሪያውን ሌላ ሰው ተሸክሞት ሄዶ ይሆናል።

ሰንሰለቱን አያችሁት? ሴቷን ቡችላ እንጥላለን። ከሞት ያመለጠችውን ሳናመክን እንተዋታለን። ጎዳናው በውሻ ሲሞላ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን ይከተትና ሌሊት ይበተናል፤ ይኼ በከተማችን ዓመታት የኖረ ዘዴ ነው። ስትሪክኒን አያስተኛም፤ ራሱን ሳይስት ጡንቻውን እያኮማተረ ነው የሚገድለው። ጎረቤታችን «መድኃኒት» ያሉት እሱን ነው። አማርኛችን ራሱ ሳይበቀሉለት ለቀረ ሰው «ደሙ የውሻ ደም ሆኖ ቀረ» ይላል። ውሻው ራሱ ደም እንዳለው ለማሰብ ግን ፋታ አላገኘንም።

አሁን «ሰው ያልታከመበት አገር!» ልትሉኝ ነው። አውቃለሁ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ፣ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ያለቀበትን ዘመን እኔም ዘግቤበታለሁ። ግን ንገሩኝ፣ ቡቺ ሳትታከም በመቅረቷ የማን ወረፋ አጠረ? እንዲያውም ልማዱ አንድ ነው። በአገራችን አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። «ብርድ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ይጠፋል» እየተባለ። ቡቺን «ተዋት» ያሉኝ ሰዎች ለራሳቸው አካልም ሌላ ቃል የላቸውም። የእናቴን ጉልበት ማን አየው? እኔም አላየሁትም።

ዕውቀት የለም እንዳትሉኝም። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና መማሪያ አለ፣ የክትባት ማምረቻ አለ፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ፓንቫክ እዚያው ነው። በክፉ ቀን ከብታችንን ጨርሶ አገር ያስራበው የደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ከለፉት መካከል የእኛም ባለሙያዎች ነበሩ። በሬ ያርሳል፣ ላም ትታለባለች፣ በግ ይላካል፤ ስለዚህ ሐኪም አላቸው። ውሻ የሚያስገባው ዶላር የለም።

ውሻ የሚታወሰው ሲያብድ ነው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከነዚህ 99 በመቶው በሽታው የሚደርስባቸው በውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ደግሞ መርዝ አይደለም፤ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው። ውሻ ለማስከተብ መጀመሪያ አንገቱን የሚይዝ፣ ስሙን የሚጠራ፣ ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ቀን ውሻውን ያልነካ ሰው ለክትባትም አያመጣውም፤ ዕብጠቱንም አያገኘውም።

በነገራችን ላይ፣ የጎዳና ውሾች ብልት ላይ ደም እያዘለ የሚታየው፣ አይተን ፊታችንን የምናዞርበት ዕብጠትም ስም አለው። በስሪያ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ከኖረ ከአንድ ውሻ የተነሳ፣ ሕዋሱ ራሱ እየተጋባ እስከ ዛሬ የዘለቀ። ቪንክሪስቲን በሚባል መድኃኒት፣ በየሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ፣ አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። እኛ «ርኩስ» ብለን ድንጋይ የምንወረውርበትን ማለቴ ነው።

ወደ ቡቺ ልመለስ። ራጅ የሚያነሳ ቦታ ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርኩ። ሳንባዋ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ዕጢው ባለፈው ማክሰኞ ወጣ፤ በዚያው ማህፀኗም ወጣ። የላቦራቶሪው ውጤት ገና ነው። እናቴ፣ ያቺ «እርጅና ነው» ያለችው፣ ቁስሏን እንዳትልስ አሮጌ ነጠላዋን ቀዳ ሆዷ ላይ አስራላታለች፤ ሌሊት ሁለቴ ተነስታ ታያታለች። የወጪውን ነገር ለጎረቤታችን አልነገርናቸውም።

ግቢያችሁ ውስጥ ከሰባት ዓመት በላይ የሆናት ሴት ውሻ ካለች ዛሬ ማታ እራቷን ስትሰጧት በጀርባዋ አስተኟት። ጡቶቿ በሁለት ረድፍ ከደረቷ እስከ ብሽሽቷ ይወርዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጥንድ ናቸው። እያንዳንዱን በሁለት ጣት ያዙት። ዕጢ የሚበዛው የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች ላይ ስለሆነ እነሱን ደግማችሁ ዳስሱ። ባቄላ ካገኛችሁ ቀኑን ጻፉና በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ሐኪሙ ሳይነካት «አርጅታለች» ካላችሁ፣ ጓንቱን አንስታችሁ ስጡት።