ሸክላ ማጫወቻዎ ሲያጉረመርም

አንባቢ ሆይ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ሸክላ ማጫወቻው ማጉረምረም በጀመረ ጊዜ አሮጌውን ጥሎ ሌላ ለመግዛት የሚጣደፍ ሰው ነገሩ እንዲሁ ነው። ሸክላ ዛሬ እንደ ገና ተወዶ ከየአያቱ ሣጥን እየወጣ ይደመጣልና፥ ስለዚሁ ጥቂት ብንነጋገር ይጠቅማል።

የሚያሳስበው የማጫወቻው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሸክላው ምትክ የሌለው መሆኑ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፥ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የጅቡቲ ባቡርም በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ ግራሞፎኑና ሸክላው እንደ ሌላው የባሕር ማዶ ዕቃ በለገሃር በኩል ይገባ ነበር። ኋላም በ1969 አምሐ እሸቴ፥ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ሆኖ ሳለ፥ በድፍረት የራሱን ማሳተም ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም 100 ያህል ባለ45 ዙር ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን አለፈ። ብዙዎቹ ዳግመኛ አልታተሙም። እንግዲህ በተበላሸ መርፌ ያረስነው ሸክላ ለዘለዓለም ታረሰ ማለት ነው።

ታዲያ ጩኸቱ ከወዴት እንደሚመጣ እንዴት ይታወቃል? ሐኪም በሽተኛውን ደረጃ በደረጃ እንደሚመረምር ይመርምሩት።

አንደኛ፤ መርፌውን ሳያስቀምጡ፥ ሳሕኑንም ሳያዞሩ፥ ድምፅ ማጉያውን ብቻ ይክፈቱ። ያን ጊዜ «ዝዝዝ» የሚል ከተሰማ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። የመሬት ሽቦው ወልቆ ወይም ዝጎ እንደ ሆነ አጥብቀው ይሰሩት፤ ሽቦዎቹንም ከትራንስፎርመር ያርቁ።

ሁለተኛ፤ ክንዱ እንደ ተነሣ ሞተሩን ያስነሡ። ዝዝታው አሁን ከጀመረ ወይም ከበረታ ጥፋቱ በሞተሩ አካባቢ ነው።

ሦስተኛ፤ መርፌውን ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጸጥተኛ መስመር ላይ ያሳርፉ። ከሥር «ጉርርር» የሚል ወፍራም ድምፅ ቢመጣ፥ የኩሽኔታው ወይም የሞተሩ ንዝረት በሳሕኑ አልፎ መርፌው ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። ሳሕኑ ቆሞ፥ መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ ጠረጴዛውን በጣት ቆርቆር ቢያደርጉትና ጎልቶ ቢሰማ ግን፥ ጥፋቱ ከአቀማመጡ ነው።

አራተኛ፤ የሚንጣጣ ድምፅ ከሆነ ይቍጠሩት። ባለ45 ዙር ሸክላ በየ1 ሴኮንድ ከሢሶ፥ ባለ33 ዙሩም በየ1.8 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ «ጧ» ካለ ጭረት ነው፤ መድኃኒት የለውም። በየቦታው የሚንጣጣ ከሆነ አቧራ ነውና ይታጠባል። ነገር ግን የጥንቱን ባለ78 ዙር ሸክላ በአልኮል እንዳይጠርጉ፤ አልኮል ያሟሟዋል። «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ፊደላት የሚሻክሩ ከሆነ ደግሞ መርፌው አልቋል።

በለገሃር ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ፥ «እስቲ አንተ የተማርህ ነህ፤ ልጄ ካሜሪካ አዲስ ልላክልዎ ይለኛል፤ ልቀበለው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሄጄ ባየው ማጫወቻውና ስፒከሩ በአንድ ቡፌ ላይ ተቀምጠዋል። ስፒከሩ ቡፌውን ያነቀንቃል፤ ቡፌው ደግሞ መርፌውን። ስፒከሩን በበርጩማ ላይ ብናወርደው ጕርምርምታው እኩሌታው ጠፋ። ለደረቀው ኩሽኔታ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብንሰጠው የቀረውም ተከተለ። አንዲት «ጧ» የምትል ብቻ ቀረች። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፥ «እርሷንስ ተዋት፤ ልጄ በሦስት ዓመቱ የቧጨራት ናት» አሉኝ።

አሜሪካ ስላለው ማጫወቻም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ሄርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ሄርትዙን አይለውጥም። የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን ከሄርትዙ ይወስዳል፤ ስለዚህ በ45 ሊዞር የሚገባው በ37.5 ይዞራል፤ ዘፋኙም እንቅልፍ እንደ ተጫነው ሰው ድምፁ ወፍሮ ይጐተታል። በዲሲ ሞተር የሚሠሩት ግን ይህ ችግር የለባቸውም። በጀርባው የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

መለወጥ የሚያስፈልገው ኩሽኔታው ተበልቶ ሳሕኑ ሲወላገድ፥ ወይም ሞተሩ ከዘይት በኋላም ሲንቀጠቀጥ ነው። ያን ጊዜም በማማሩ እንዳይታለሉ። በጎ ማጫወቻ መርፌውን በ2 ግራም ያህል ክብደት ያሳርፋል፤ ርካሹ የሻንጣ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ 5 ግራምና ከዚያም በላይ ይጫናል። የክንዱ ክብደት የሚስተካከል፥ መርፌውም የሚለወጥ መሆኑን ይጠይቁ። ባለ78 ዙር ሸክላ ካለዎትም ጫፉ በግምት አራት እጥፍ የሚወፍር የራሱን መርፌ ይሻል።

ጎረቤቴ ልጃቸው ማጫወቻውን ትቶ አንዲት መርፌ እንዲልክላቸው አዘዙ። እርስዎም ገንዘብ ካለዎት አስቀድመው ለመርፌው ያውሉት፤ ማጫወቻ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ሸክላው ግን አይገኝም።